ለጀማሪ የሚከብድ ሥርዓተ ክወና፦ የሚያስተምር ችግርና የሚያሰናክል ችግር

(ጦር ኃይሎች አካባቢ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ክፍት ንግግር፤ ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ የምናገረው ተማሪዎች በየዓመቱ ስለሚያነሱልኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ዊንዶውስን ትቼ ወደ ሊኑክስ ልዛወር አስቤአለሁ፤ ነገር ግን ገና ጀማሪ ነኝ። ከቀላሉ ልነሣ ወይስ ከከባዱ?» ይሉኛል። ከባዱ ሲሉ አርች ሊኑክስን፣ ጄንቱን ወይም ኦፕን ቢኤስዲን ማለታቸው ነው። ጥያቄው የግል ምርጫ ይመስላል። እኔ ግን በመሠረቱ የማስተማር ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም መልሱ ተማሪውን ብቻ ሳይሆን እኛን መምህራንንም ይመለከታል።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያስቸኩልበት ምክንያትም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የተሰኘ የደኅንነት ክፍልና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በዚህ መስፈርት የማያልፉ፣ ነገር ግን ገና ለብዙ ዓመት ሊሠሩ የሚችሉ ላፕቶፖች በተማሪዎቻችን እጅ አሉ። የእነዚህ ማሽኖች ዕድሜ የሚወሰነው ባለቤቶቻቸው ሌላ ሥርዓተ ክወና መትከልና መንከባከብ በመቻላቸው ነው።

1. ቀላልና ከባድ ስንል

ሊኑክስ ከርነል እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው በሊነስ ቶርቫልድስ ተጀመረ። በዙሪያው ያሉት ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካስተዋወቀው የግኑ ፕሮጀክት የመጡ ናቸው። ዛሬ ይኸው ከርነል በኪሳችሁ ባለው የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ፤ ከኖቬምበር 2017 ጀምሮም በዓለም ቀዳሚ 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚሠሩት በእርሱ ነው።

ከርነሉ አንድ ቢሆንም የሚሰራጭበት መልክ ብዙ ነው። ኡቡንቱን የመሰሉት ሥርጭቶች አብዛኛውን ውሳኔ በተጠቃሚው ፈንታ ወስነው ያቀርባሉ። አርችን የመሰሉት ደግሞ ውሳኔውን ለተጠቃሚው ይተዉለታል። ዛሬ እዚህ ከመጣችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ከአያት የሚነሣውን ቀላል ባቡር ይዛችሁ ጦር ኃይሎች ወርዳችኋል። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ መንገዱን የወሰነው ሐዲዱ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ቤቴል፣ ወደ አየር ጤና ወይም ወደ ኮልፌ የሚሄድ ሰው ታክሲ መምረጥ፣ መውረጃውን ማወቅ፣ ካላወቀም መጠየቅ አለበት። ሁለቱም ጉዞ ነው፤ ከተማውን በደንብ የሚያውቀው ግን እየጠየቀ የሄደው ነው።

2. ችግሩ የሚያስተምርበት ቦታ

አርች ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን ያስነሣ ጀማሪ በመጀመሪያ የሚያየው ጥቁር ስክሪንና ትዕዛዝ የሚጠብቅ ጠቋሚ ነው። ዲስኩን ራሱ ይከፋፍላል፤ በክፍልፋዩ ላይ የፋይል ሲስተም ይፈጥራል፤ ክፍልፋዩን ከማውጫው ጋር ያያይዛል፤ መሠረታዊ ፓኬጆችን ይጭናል፤ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር የትኛው ክፍልፋይ የት እንደሚያያዝ የሚናገረውን ሰንጠረዥ ያዘጋጃል፤ በመጨረሻም ከርነሉን የሚያስነሣውን ፕሮግራም ይተክላል። እያንዳንዱ እርምጃ በሥርዓተ ክወና ኮርሳችን ውስጥ የአንድ ምዕራፍ ርእስ ነው። ልዩነቱ በክፍል ውስጥ በስላይድ ያየውን እዚህ በእጁ መሥራቱ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንዲት ተማሪ በቤተ ሙከራ አርችን ተክላ ጨረሰችና ኮምፒውተሩን ደግማ ስታስነሣው ኢንተርኔት አጣች። «በፍላሹ ላይ ሳለሁ መስመር ነበረኝ፤ አሁን የት ሄደ?» አለችኝ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ አሁን ያለሽው የት ነው?» አልኋት። ጥቂት አሰበችና በፍላሹ ላይ ያለውና በዲስኩ ላይ ያለው ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች መሆናቸውን፣ የኔትወርክ መሣሪያው በመጀመሪያው እንጂ በሁለተኛው ላይ እንዳልተጫነ ደረሰችበት። እንደገና በፍላሹ አስነሥታ፣ ዲስኩን አያይዛ፣ ወደ ተከለችው ሥርዓት ገብታ የጎደለውን ጫነች። እንደ አዲስ መትከል አላስፈለጋትም። ይህች ተማሪ በዚያ ግማሽ ሰዓት የተረዳችው ነገር የተበላሸ ማሽን ሁሉ ከውጭ ገብተው ሊጠግኑት እንደሚችሉ ነው። መጪው መብራት መጥፋት ዝመናውን መሐል ላይ ቢያቋርጥባት የሚያድናት ይኸው ዕውቀት ነው።

የትዕዛዝ መስመርን ለጀማሪ ሳስረዳ ከአብነት ትምህርት ቤት ምሳሌ መዋስ እወዳለሁ። ዳዊት የሚደግም ተማሪ የተዘጋጀውን ቃል በትክክል ያነባል። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግን ሰዋስውን ተምሮ ከእርሱ በፊት ማንም ያላለውን ቃል ገጥሞ መምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ይታረማል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ያቀርባል። በምናሌ የሚሠራ ተጠቃሚ ሌላው ያሰበለትን ይመርጣል። ትናንሽ ትዕዛዞችን እያያያዘ የሚሠራ ተጠቃሚ ግን የፕሮግራሙ ጸሐፊ ያላሰበውን ሥራ ማዘዝ ይችላል። ሁለቱም ደረጃ ክብር አለው፤ ሁለተኛው ግን ያለ ድካምና ያለ እርማት አይገኝም።

3. አማርኛ በጥቁሩ ስክሪን ላይ

ነገሩ ወደ ቋንቋችን ሲመጣ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አርችን የሚተክል ጀማሪ የጊዜ ቀጣናውን እንዲመርጥ ይጠየቃል። አዲስ አበባን ሲመርጥ፣ በዓለም አቀፉ የጊዜ ቀጣና መዝገብ ውስጥ አዲስ አበባ ራሷን የቻለች ፋይል ሳትሆን ወደ ናይሮቢ የምታመለክት ማያያዣ መሆኗን ሊያይ ይችላል። ምክንያቱ መዝገቡ ከ1970 ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆኑ ቦታዎችን አንድ ላይ ማስቀመጡ ነው። ስለዚህ ነገር የሚጠይቅ ተማሪ፣ ሰዓት የሚባለው ነገር በኮምፒውተር ውስጥ ሰው ወስኖ የጻፈው መሆኑን ይረዳል።

ቀጥሎ የፊደል ነገር ይመጣል። በሊኑክስ የጽሑፍ ኮንሶል ላይ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 512 ቅርጾችን ነው፤ የተለመደው 256 ነው። ለላቲን ፊደል ይህ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የመደበው ዋና ክፍል ግን ብቻውን 384 ቦታዎች አሉት። ወደ 512 ለመዝለል ደግሞ ለቀለም ከተመደበው ቦታ አንድ ቢት መውሰድ ያስፈልጋል፤ በዚህም 16 የነበሩት የጽሑፍ ቀለሞች ወደ 8 ይወርዳሉ። ይህን ዋጋ ከፍሎ ፊደላችንን በዚያ ጠባብ ቦታ ያኖረ ሰው አለ፦ የዴቢያን የኮንሶል ማዘጋጃ ፓኬጅ «ጎሃ» እና «ጎሃ ክላሲክ» የተባሉ የኢትዮጵያ ፊደል ቅርጾችን ይዟል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አብዛኞቹ ይገረማሉ።

ከዚህ የቀደመም አለ። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ «ሴራ» የተባለውን፣ አማርኛን በላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ሥርዓት አዘጋጁ። ናኦቶ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ደግሞ የኢትዮጵያን ፊደል ኢማክስ በተሰኘው ነጻ የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ የሚያሠራ ኮድ ጻፈ። በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 ፊደላችንን ያውቅ ነበር፤ ይህም ዩኒኮድ ከማወቁ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ዛሬም ያ ፕሮግራም በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሰላምታ በሚያቀርብበት ፋይሉ ውስጥ በአማርኛ «ሠላም» ይላል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ኮዱ ክፍት ስለነበረ ነው። ፈቃድ መጠየቅና የገበያችንን ስፋት ማስረዳት አላስፈለገም። በዚያው ዘመን በአገልግሎት ላይ የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው «ሀ»ን በየራሳቸው ቁጥር ያስቀምጡት ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ክምር ይሆን ነበር። ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ ያስታውሱታል።

ሥራው ግን አላለቀም። የዴቢያን መትከያ በአማርኛ መመሪያ ይሰጣል፤ የአማርኛ ቀንና ገንዘብ አጻጻፍ ደንብም በሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ ኮድ ውስጥ ገብቷል። ግኖም የተባለው የገበታ ሥርዓት የአማርኛ ትርጉም ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ይህን የሚጨርሰው ማነው? ለአሥራ አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ መሥራት የለመደ ባለሙያ ጉድለቱን ማየት አቁሟል። ጉድለቱ ግልጽ ሆኖ የሚታየው ለጀማሪው ነው። ነገር ግን ጉድለት አይቶ ማረም የሚችለው ውስጡን የከፈተ ጀማሪ ብቻ ነው። ከባዱን መንገድ ለተማሪዎቻችን የምመርጥበት ዋናው ምክንያቴ ይህ ነው።

4. ችግሩ የሚያሰናክልበት ቦታ

እስካሁን የተናገርሁት የሚያስተምረውን ችግር ነው። ሌላም ዓይነት አለ። አርች ሳያቋርጥ የሚታደስ ሥርጭት በመሆኑ በየጊዜው ብዙ ሜጋባይት ማውረድ ይጠይቃል። የሞባይል ጥቅል እየገዛ የሚማር ተማሪ ይህን በየሳምንቱ መክፈል ይከብደዋል። መመሪያዎቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። ብዙ ተማሪ ያለው ላፕቶፕ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱ ላይ ሞክሮ ቢያበላሽ የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። ከእነዚህ መሰናክሎች አንዱም ስለ ኮምፒውተር የሚያስተምረው ነገር የለም።

«ከባድነቱ ጎበዙን ከሰነፉ ይለያል» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። በአክብሮት አልስማማም። ሁለቱን ችግሮች ሳንለይ ተማሪውን ብቻውን ብንለቀው የምንፈትነው ችሎታውን ሳይሆን የወላጆቹን ኪስ ነው። የሚወድቀው ማሰብ ያቃተው ሳይሆን ጥቅል ያለቀበት ይሆናል።

የሚያሰናክለውን ችግር ማስወገድ እንደሚቻል ታሪክ ያሳያል። ኡቡንቱ በ2004 ሲጀመር ብዙው ዓለም ፈጣን መስመር አልነበረውም። ስለዚህ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲ በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር፤ ይህ አገልግሎት እስከ 2011 ዘልቋል። ዛሬ ሲዲ አያስፈልገንም። በፋኩልቲው ውስጥ አንድ ሰርቨር ቢኖርና ፓኬጆቹን አንድ ጊዜ አውርዶ ቢያስቀምጥ ሁሉም ተማሪ በውስጥ መስመር ያለ ክፍያ ይወስዳል። የዴቢያን ዲቪዲ ቅጂም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያለ ኢንተርኔት ሙሉ የገበታ ሥርዓት ይተክላል።

5. ለጀማሪው የምመክረው

መጀመሪያ አሁን ባላችሁ ሥርዓት ላይ ምናባዊ ማሽን ፍጠሩና አርችን እዚያ ውስጥ ትከሉ። አበላሹት፤ ደግማችሁ ትከሉት። በሦስተኛው ጊዜ ከመመሪያው ላይ እየገለበጣችሁ ሳይሆን ምክንያቱን እያወቃችሁ ስትጽፉ ራሳችሁን ታገኛላችሁ። በዋናው ላፕቶፓችሁ ላይ ዴቢያንን አድርጉ፤ የተረጋጋው እትሙ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ስለሚወጣ ጥቅላችሁን አይጨርስም። ከመትከላችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ ያወረዳችሁት ቅጂ ያልተበላሸ መሆኑንም በማረጋገጫ ቁጥሩ አመሳክሩ። የጻፋችሁትን ትዕዛዝ ሁሉ ከምክንያቱ ጋር በደብተር መዝግቡ።

አውቶካድን ወይም አርክጂአይኤስ ፕሮን የግድ የሚፈልግ የምህንድስና ተማሪ ዊንዶውስን ጎን ለጎን ያቆይ፤ እነዚህ ፕሮግራሞች ለሊኑክስ አልተዘጋጁም። ኮምፒውተር የሥራው መሣሪያ ብቻ የሆነ ሰው ኡቡንቱ ይበቃዋል። ነገ ሰርቨር የሚያስተዳድር፣ ፕሮግራም የሚጽፍ፣ ይህን ትምህርት ለሌላ የሚያስተምር ተማሪ ግን ከባዱን ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጁ ሊሠራው ይገባል። አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላሉ፤ ስትጠይቁም የሞከራችሁትንና ስክሪኑ የመለሰላችሁን ቃል በቃል ይዛችሁ ጠይቁ።

6. ለፋኩልቲው የማቀርበው

ንግግሬን በሦስት ጥያቄዎች አጠናቅቃለሁ። አንደኛ፣ የውስጥ ፓኬጅ ሰርቨር ይተከልልን። ሁለተኛ፣ ከአገልግሎት የወጡ የፋኩልቲው ኮምፒውተሮች በሐራጅ ከመሸጣቸው በፊት ጥቂቶቹ ለጀማሪዎች መለማመጃ ይሰጡን፤ ተማሪው ሳይፈራ የሚያበላሸው ማሽን ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ የአንድ ነጻ ሶፍትዌር የአማርኛ ትርጉም ማረምና ማስፋት እንደ መመረቂያ ሥራ ይቆጠር። ሰርቨሩን ለማስተዳደር ያለፈው ዓመት ጀማሪዎቼ ፈቃደኞች ናቸው፤ ስማቸውን ለትምህርት ክፍሉ አስገብተዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልመለስ።