ባለክራሯ አስናቀች

እሷ፦ ያዮና መቱ ያላችሁ፣ ቡናው እስኪፈላ ስለ ተዋናይቷና ድምፃዊቷ አስናቀች ወርቁ እናውጋ።

እሱ፦ ደግ አመጣሽ! ሴት መድረክ መውጣቷ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ነው የወጣችው። ከዚያ በፊት እኮ የሴቷንም ቦታ ወንዶች ነበሩ ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት።

እሷ፦ ትወናዋ እንዳለ ሆኖ እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ክራሯ ነው። ስታንጎራጉር ለአንድ ሰው ብቻ የምታወራ ይመስላል። ተዋናይ መሆኗ የጠቀማት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ቃሉን አትጮኸውም፣ ትኖረዋለች።

እሱ፦ ፈረንሳይ አገር የሚታተመው «ኢትዮጵክስ» የተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛውን አልበም ለእሷ የሰጠው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው።

እሷ፦ በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ድምፅዋ ግን እዚሁ በእጃችን አለ፤ እስቲ ክፈትልን፣ ወንድሜ።