የገና ዱላና ሩር ያለ ወጪ ስለ መሥራት
ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ላገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ስለ አንድ ዱላና ስለ አንዲት ድቡልቡል እንጨት ስለ ሆነ ታናሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን በገጠር ላለ ትምህርት ቤት ከዚህ ታናሽ ነገር ብዙ ጥቅም ስለሚገኝ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

ልጅ ያለ ጨዋታ ሰውነቱ አይጠነክርም፤ ልቡም አይነቃም። ይህን የማያውቅ መምህር የለም። ነገር ግን ከከተማ ተገዝታ የመጣችው ኳስ በእሾህ ስትፈነዳ፥ ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ፤ ትምህርት ቤቱም ሌላ መግዣ ገንዘብ እስኪመጣ ድረስ ይጠብቃል። አባቶቻችን ግን ለጨዋታ ገንዘብ አልጠበቁም። መኸር በሚሰበሰብበት፥ ሜዳውም ባዶ በሚሆንበት በታኅሣሥ ወር፥ የገና በዓል ሲቀርብ፥ ዱላቸውን ከዱር ቆርጠው፥ ሩራቸውን ከእንጨት ጠርበው፥ ወይም ጥንጋቸውን ከጠፍር ጎንጉነው፥ መንደር ከመንደር ጋራ ይጫወቱ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ አይለይም ነበር። ይህ ጨዋታ ዛሬም በባህል ስፖርት ውድድሮች ውስጥ ስፍራ አለው። ዕቃውን የመሥራት ብልሃት ግን በሽማግሎች እጅ ነው ያለው፤ ልጆች ካልተቀበሉትም ከእነርሱ ጋራ ይቀበራል። ስለዚህ አሠራሩን በየተራው እንመልከት።

መጀመሪያ፤ ስለ ዱላው እንጨት። ለዱላ የሚሆነው እንደ ወይራና እንደ ክትክታ ያለ፥ ለመሣሪያ እጀታ የሚመረጠው ጠንካራ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ በየደጁ ቢገኝም ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ አይመከርም። ጫፉ ቆልመም ያለው ዱላ ከተፈጥሮው የጎበጠ እንዲሆን ያስፈልጋል። ምክንያቱም በተፈጥሮ በጎበጠ ቅርንጫፍ ላይ የእንጨቱ ጅማት ከጉብጠቱ ጋራ አብሮ ይዞራል እንጂ አይቆረጥም። ከቀጥታ ጣውላ ላይ ቆልማማ ዱላ ቢቀረጽ ግን ጅማቱ በአንገቱ ላይ ስለሚቆረጥ በመጀመሪያው ምት ይሰበራል። እንዲህ ያለውን ቅርንጫፍ በዓይኑ ለይቶ የሚያውቅ ሽማግሌው ነው፤ መምህሩም ከልጆቹ ጋራ ከእርሱ ይማር።

ከአንድ ዛፍ ከአንድ ቅርንጫፍ በላይ አይቆረጥ፤ የዛፉም ባለቤት ይጠየቅ። ዱላ የቆረጠ ልጅ ሁሉ ክረምት ሲገባ በዱላው ፈንታ አንድ ችግኝ ይትከል። ጨዋታን አገኘን ብለን ዱርን ብናጠፋ ለልጆቻችን ያተረፍንላቸው ነገር የለም።

የጎበጠ እንጨት ቢታጣ፥ እርጥቡን ቀጥ ያለ ዘንግ በፍም ላይ እያገላበጡ ሳይቃጠል ማሞቅ፥ ከዚያም በዛፍ ባላ ላይ ቀስ እያሉ ማጉበጥና በገመድ ማሰር ነው። እስኪደርቅ ድረስ አይፈታ፤ ቶሎ ከተፈታ ወደ ቀድሞው ቀጥታነቱ ይመለሳል።

ሁለተኛ፤ ስለ ልኩ። ስንዝርና ክንድ እንደ ሰውየው ይለያያሉ፤ ሜትር ግን ለሁሉ አንድ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ቢቆም ዱላው ከመሬት እስከ ዳሌው አጥንት ይድረስ፤ ይህም ለአሥር ዓመት ልጅ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የእጀታው ውፍረት 3 ሳንቲ ሜትር፥ የቆልማማው ጫፍ ርዝመት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ስለ ማድረቅ። ብዙ ዱላ የሚበላሸው በችኮላ ነው። እንጨት በሁለት ጫፉ በኩል ፈጥኖ፥ በመካከሉ ግን ዘግይቶ ይደርቃል፤ ስንጥቅ የሚመጣውም ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ልጡ ሳይላጥ ሁለቱን ጫፍ ሰም ወይም ጭቃ ቀብቶ፥ ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ከጣራ ሥር ሦስት ወይም አራት ሳምንት ማኖር ይገባል። ለታኅሣሥ የሚሆን ዱላ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መጀመሪያ ይቆረጥ። ከደረቀ በኋላ ልጡን በቢላዋ መላጥ፥ በሻካራ ድንጋይ ማለስለስ፥ በመጨረሻም ለብ ባለ የተልባ ወይም የኑግ ዘይት ማሸት ነው። ዘይቱ ርጥበት ቶሎ እንዳይገባበት ይረዳል። ከቤት ውስጥ ከጠፋ የሚገዛው ይህ ዘይት ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ሩሩ። ለዚህ ከአናጢ የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ይበቃል። ዋንዛ ለቢላዋ የሚታዘዝ፥ ክብደቱም ቀላል ነው። በየገጹ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ቁራጭ ማዕዘን ማዕዘኑን እየቀነሱ፥ አዲስ የወጣውንም ማዕዘን ደግሞ እየቀነሱ ሲሄዱ ወደ ክብነት ይደርሳል። ክብነቱን ለመፈተን በቅል ስባሪ ላይ ስፋቱ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ ይበጅ። ሩሩ በየትኛውም በኩል ቢዞር በዚህ ቀዳዳ ልክክ ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ሥራው ተፈጸመ።

እዚህ ላይ መምህሩ ሒሳብን ያስተምርበታል። ልጁ በሩሩ ወገብ ላይ ክር ያዙርና ክሩን በማስመሪያ ይለካ፤ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ያገኛል። የሩሩ ስፋት 7፥ ዙሪያው 22 መሆኑን በገዛ እጁ ሠርቶ ያየ ልጅ፥ የክብ ዙሪያ ለስፋቱ ሲካፈል ምን እንደሚሆን ሲጠየቅ በሰሌዳ ላይ ብቻ እንዳየ ልጅ አይረሳውም።

በውጭ አገር የሚጫወቱበት የሆኪ ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም ይመዝናል። በዚህ ልክ ከወይራ የተሠራ ሩር ክብደቱ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ይሆናል፤ የዋንዛው ግን ወደ ግማሹ ይቀርባል። ስለዚህ የወይራው ሩር ለጎልማሶች ይቈይ። ለታናናሾቹ ልጆች ደግሞ ከዋንዛውም ይልቅ ጥንግ ይሻላል፤ ይኸውም አሮጌ ጨርቅ አጥብቆ ጠቅልሎ በላዩ ጠፍር መጎንጎን ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ጥንቃቄ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ከቀረው ሁሉ ዝም ማለት ይሻለኝ ነበር። የገና ጨዋታ በድሮው አኳኋን የቅልጥም አጥንት ይሰብር፥ ጥርስ ያወልቅ፥ ዓይንም ያጠፋ ነበር። የልጅ ዓይን ከጠፋ የትኛውም ጨዋታ አይክሰውም። ስለዚህ በትምህርት ቤት ሦስት ሕግ ይጠበቅ። ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣ፤ ያነሣ ልጅ ለዚያ ቀን ከሜዳ ይውጣ። ሩር በዱላ እየተገፋ በመሬት ላይ ይሂድ እንጂ ወደ ላይ አይመታ። የተሰነጠቀ ዱላ ሜዳ አይግባ፤ ከጨዋታው በፊት መምህሩ እያንዳንዱን ይመርምር።

የሆኪ ሜዳ ርዝመቱ 91 ሜትር ከ40፥ ወርዱ 55 ሜትር ነው። ለልጆች ግን 50 በ30 ሜትር ይበቃል። በሁለቱ ጫፍ በ3 ሜትር ርቀት ሁለት ሁለት ድንጋይ ተተክሎ ግብ ይሁን፤ በየወገኑም ከአሥራ አንድ የማይበልጡ ይሰለፉ። በቀድሞ ዘመን ጨዋታው የወንዶች ብቻ ነበረ። በትምህርት ቤት ግን ሴቶች ልጆችም ዱላቸውን ራሳቸው ሠርተው ይጫወቱ፤ የሚማሩት አንድ ትምህርት ነውና ሜዳውም አንድ ይሁንላቸው።

እናንተ መምህራን ሆይ፥ በእጃችሁ ልክና ቍጥር አለ፤ የእንጨቱን ጠባይ ግን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። እናንተ ሽማግሎች ሆይ፥ የእንጨቱን ጠባይ ታውቃላችሁ፤ የሚሰማችሁ ልጅ ግን ቀኑን በትምህርት ቤት ይውላል። እንግዴህ በኅዳር ወር አንድ ቀን መምህሩ ሽማግሌውን ይጥራ፤ ሽማግሌውም ቢላዋውን ይዞ ይምጣ። ጨዋታው ሲጀመርም ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ፤ ልጆች ከመምህሩ ቍጣ ይልቅ የሽማግሌውን ዓይን ያፍራሉና።

ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት ድኻ ሊባል ይችል ይሆናል። ዕውቀት ያለው ሽማግሌ በደጁ ተቀምጦ ሳለ የማይጠራው ትምህርት ቤት ግን ከዚያ የባሰ ድኻ ነው።