ስኳርና እንጀራ ቀንሰው ክብደት ለሚቀንሱ ጎረቤቶቻችን ስለሚደረግ ድጋፍ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ ስለ ድንኳኑ መቀደድም አይደለም፤ እሱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይነሣል። የዛሬው ርእሳችን ሆዳችን ነው። መሳቅ ይቻላል፤ ከሳቁ በኋላ ግን ጆሮ እንድትሰጡን እንለምናለን።

እንደሚታወቀው ሁሉ በሰፈራችን የደም ግፊትና የስኳር ሕመም የገባበት ቤት ብዙ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው «ክብደት ቀንሱ» ተብለው የተመለሱ አባሎቻችንም ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ስኳርን፣ ዳቦን፣ ፓስታንና እንጀራን ቀነስ አድርገው በአትክልት፣ በእንቁላልና በጥራጥሬ መተካት ጀምረው ነበር። በሁለተኛው በሦስተኛው ሳምንት ተዉት። ለምን ተዋችሁት ብለን ስንጠይቃቸው «ራበን» ያለን ሰው የለም። «ሰው አላስቀምጥ አለን» ነው ያሉን። ሰው የተባለው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እኛው ጎረቤቶቻቸው ነን።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አንዲት እኅታችን፣ ስሟን አንጠራም፣ በሐኪም ምክር ስምንት ኪሎ ያህል ቀነሰች። የጉልበቷ ሕመም ቀለላት፤ ዳገቱን ሳታርፍ መውጣት ጀመረች። በሰፈር የተወራው ግን ሌላ ነው። «ምን ነካት? ከሳች እኮ! ቤቷ ሰላም የለም እንዴ? ወይስ ያ ነገር ይሆን?» ተባለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድኃኒቱ እንደ ልብ ሳይገኝ ብዙ ጎረቤት ቀብረናልና የሰው መክሳት ያስደነግጠናል፤ ይህ ይገባናል። ነገር ግን ወሬው ከትልቅ ወደ ትንሽ ሄደና ልጇ ከጨዋታ ላይ ተነሥታ «እማዬ፣ ልትሞቺ ነው?» ብላ እያለቀሰች ገባች። ከዚያ በኋላ እናቲቱ ምን ታድርግ? እንደ ድሮዋ መብላት ጀመረች። ኪሎውም ተመለሰ፣ የጉልበቱም ሕመም ተመለሰ። ያን ጊዜ «እሰይ፣ አሁን ተመቸሽ» ተባለች። የተመቸው ለማን እንደሆነ እንጃ።

አሁን ወደ ምግቡ እንግባ። ትምህርት ቤት ሳለን ምግብ በሦስት ይከፈላል ተብለን ተምረናል፤ ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ። ካርቦሃይድሬት የሚባለው ከኃይል ሰጪው ወገን ሲሆን፣ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ አብዛኛው ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ከሠራንበት የተረፈው ደግሞ ስብ ሆኖ ይከማቻል። ድንጋይ ሲፈልጥ ወይም ሲያርስ ለሚውል ሰው ይህ ምግብ አያስፈራም። እኛ ግን አብዛኞቻችን ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን፣ ማታም ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን የምንውልና የምናመሽ ነን።

«የእኛ ጤፍ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። በነጭ የስንዴ ዱቄት ውስጥ 76 ያህል ነው። ጤፍ ሳይገፈተር ከነቅርፊቱ ስለሚፈጭ አሰር አለው፤ በዚህ ከነጭ ዳቦ ይሻላል። ሆኖም ሁለት ሙሉ እንጀራ በልቶ «ጤፍ ነው» ማለት አያዋጣም። የሽምብራ ሽሮ ዱቄት 60 ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ግን ከ10 ግራም የማያንሰው አሰር ነው፣ 20 ግራም ያህል ደግሞ ገንቢ ምግብ ይጨምራል። ስለዚህ ሽሮው ሳይሆን ሽሮውን የምንበላበት እንጀራ ነው መታየት ያለበት። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣና ጎመን ካርቦሃይድሬታቸው ወይ የለም ወይ በጣም ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ስኳር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ይይዛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ሦስት ሲኒ በሦስት በሦስት ማንኪያ ብንጠጣ ዘጠኝ ማንኪያ ነው፤ 36 ግራም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ቤት ቡና ብንጠራ እጥፍ ይሆናል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ 300 ሚሊ ሊትሩ፣ ሰባት ስምንት ማንኪያ ስኳር አለበት። ይህን ያህል ስኳር ቁጭ ብለን በማንኪያ ብላ ብንባል እሺ የሚል አይገኝም።

«ይህ የፈረንጅ ፋሽን ነው» የሚሉ ወጣቶችም አሉ። የፈረንጅ መሆኑ እውነት ነው፤ ፋሽን ግን አይደለም። ሎንዶን ውስጥ ዊልያም ባንቲንግ የሚባል ሰው ነበረ። ሥራው ቀብር ማሰናዳት ሲሆን፣ ቤተሰቡ የእንግሊዝን ነገሥታት ቀብር ሳይቀር ያሰናዳ ነበር። የዕድር ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ እሱ በክፍያ መሥራቱ ነው። ይህ ሰው ከመወፈሩ የተነሣ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አቅቶት፣ ደረጃ ሲወርድም ወደ ኋላ ዞሮ ቀስ እያለ ነበር የሚወርደው። ሐኪሙ ዳቦ፣ ስኳር፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ቢራና ድንች ከለከለው። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ 20 ኪሎ ያህል ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1863 ዓ.ም. ታሪኩን ራሱ ጽፎ፣ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ፣ መጀመሪያ ላይ በነጻ አደለው። የኖረውም እስከ 81 ዓመቱ ነው።

ይህን ስንል ግን ተአምር ነው ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. አሜሪካን አገር የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት አለ። 609 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት፣ ግማሾቹ ስብ እንዲቀንሱ ተደረገ። ከዓመት በኋላ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ስብ የቀነሱት 5.3 ኪሎ ያህል ቀነሱ። ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም ተባለ። በየወገኑ ውስጥ ግን አንዳንዱ ብዙ ኪሎ ሲቀንስ አንዳንዱ ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። እንግዲህ ዋናው ነገር ሰው የመረጠውን መንገድ ሳያቋርጥ መዝለቁ ነው። የእኛም ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ከተማ ጂን ኒዴች የተባለች የቤት እመቤት ከክሊኒክ የምግብ ሥርዓት ተሰጥቷት ብቻዋን መያዝ አቃታት። ጓደኞቿን ቤቷ ጠራችና የሚያቅታትን ሁሉ ነገረቻቸው። እነሱም የራሳቸውን ነገሯት። በየሳምንቱ መገናኘት ጀመሩ፤ በ1963 ዓ.ም. ዌይት ዋቸርስ የተባለው ድርጅት ከዚያ ተነሣ። እኛ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልገንም። ቡና አጣጪ አለን፣ ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን። የሚጎድለን አንደበታችንንና እጃችንን መያዝ ነው።

እጃችንን ያልነው ጉርሻን ነው። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ማንም ይቅር አላለም። ነገር ግን «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እየተባለ አንድ ሰው ከአምስት ቤት አምስት ጉርሻ ቢጎርስ ሳያውቀው አንድ እንጀራ በላ ማለት ነው። እንቢ ካለ ደግሞ «ንቆን ነው» ይባላል። ስለዚህ ኮሚቴው ያሳሰበው እንዲህ ነው። ክብደት እቀንሳለሁ ያለ ሰው አንድ ጊዜ «በቃኝ» ካለ ሁለተኛ በሞት አይለመን። ማጉረስ ለግድ ያለ እናት ከወጡ ጎመኑን፣ ወይም ከዶሮው እንቁላሉን ያጉርሱት፤ ፍቅሩ አይቀንስም።

የጋራ ገበታም ችግር አለው። አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ሳህን ለይቶ መብላት ደግሞ በእኛ ዘንድ እንደ ኩርፊያ ይቆጠራል። አንድ ቤት ያየነው ዘዴ ደግ ነው። እመቤቲቱ ለባለቤታቸው የተፈቀደላቸውን ግማሽ እንጀራ ጠቅልለው በፊታቸው ያስቀምጡና አትክልቱንና ወጡን በዚያ በኩል በርከት ያደርጉላቸዋል። ጋሼ የፊታቸውን ጨርሰው እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ከገበታው ግን አይነሡም፤ ጨዋታውም አይቋረጥም።

ቡና ላይ ስኳሩ ሲኒ ውስጥ ቀድሞ ባይጨመር ምን አለበት? የስኳር ዕቃው ከረከቦቱ ጎን ይቀመጥ፣ የፈለገ ይጨምር። በጨው ወይም በጤና አዳም የሚጠጣ አገር ሰው በመካከላችን አለ፤ ከእነሱ መማር ነው። ከፈንዲሻውና ከዳቦው አጠገብ ጥቂት የተቆላ ለውዝ ቢቀርብ ደግሞ ለሁሉም ይሆናል።

ጾም ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። በሁዳዴ 55 ቀን እንቁላሉም ሥጋውም የለም፤ ቀሪው እንጀራና ዳቦ ነው የሚመስለው። ግን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ፎሶልያ፣ አቮካዶ፣ ተልባ፣ ለውዝ፣ ምስርና ሽሮ አሉ። ወጡን ወፈር፣ እንጀራውን ሳሳ ማድረግ ነው። የሙስሊም ወገኖቻችንም በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ በቴምሩ አፍጥረው፣ ሳምቡሳውንና ጣፋጩን ለእንግዳ ትተው ወደ ሾርባውና ወደ ሥጋው ቢያልፉ ይጠቀማሉ። ለቅሶ ቤትን በተመለከተ፣ የማኅበራችን ወጥ ቤት ከንፍሮውና ከእንጀራው ጋር አንድ ድስት ጎመን እንዲጨምር ተስማምተናል። ወጪው ብዙ አይደለም።

ወጪ ካነሣን፣ «ይህ የሀብታም ምግብ ነው» የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው። እንጀራን በሥጋ እንተካ ቢባል ኪሳችን አይችልም። እኛም አላልንም። ስኳርና ለስላሳ መተው ገንዘብ ያተርፋል እንጂ አያስወጣም። እንቁላል 30 የሚይዘውን ትሪ ሦስት አራት ቤት ሆኖ በጋራ መግዛት ይቻላል። ጎመን ደግሞ በጆንያና በአሮጌ ባልዲ ላይ የሚበቅል ነገር ነው፤ ቦታ የለኝም አይባልበትም።

አሁን የምንናገረውን በጥብቅ ያዙልን። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ክኒን የሚወስድ ከሆነ፣ ሐኪሙን ሳያማክር እንጀራና ዳቦ እንዳይቀንስ። መድኃኒቱ በልኩ ካልተስተካከለ ስኳሩ ከሚገባው በታች ይወርዳል። አንድ አባታችን ክኒናቸውን እንደ ወትሮው ወስደው ምሳቸውን በመቀነሳቸው በላብ ተጠምቀው፣ እየተንቀጠቀጡ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ተገኝተዋል። ሰካራም ነው ብሎ ያለፈ መንገደኛም ነበረ። እንዲህ ያለ ሰው ስታዩ፣ ነፍሱን የሚያውቅና መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን ምንም በአፉ አትጨምሩ፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰድ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የኩላሊት ሕመምተኛና ልጆች ይህን የአመጋገብ ሥርዓት በራሳቸው አይጀምሩ።

ጤነኛውም ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታት፣ ድካምና የሆድ ድርቀት ሊያገኘው ይችላል። ውኃና አትክልት ማብዛት ይረዳል። በዚያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቢቀንስ አይፈንድቅ፤ አብዛኛው ውኃ ነው። ሰውነት ያጠራቀመውን ግላይኮጅን ሲጨርስ ከእሱ ጋር የያዘውን ውኃም ይለቃል። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ቢቆምም አይደንግጥ። ብዙ ሰው የሚተወው እዚያ ላይ ነውና፣ ጎረቤት «እንዴት ሆንክ፣ በረታህ?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ይህ ነው።

ስለ ሚዛኑ። ማኅበሩ የገዛው ሚዛን በጽሕፈት ቤቱ ከመጋረጃው በስተጀርባ ተቀምጧል። እሑድ እሑድ ጧት ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት መመዘን ይቻላል። በመዝገቡ ላይ ስም አይጻፍም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይሰጠዋል። የማንም ኪሎ ጮክ ተብሎ አይነበብም፤ በኪሎ መቀላለድም ክልክል ነው። የልብስ ሰፊ ሜትርም አለ። ወገቡ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ወንድ፣ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነች ሴት ለልብና ለስኳር ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ስለሚል፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ቢያስለኩ መልካም ነው።

ከተመዘኑ በኋላ መቆየት ለሚፈልጉ ቡና ይፈላል፤ ስኳር አይቀርብም። ሰው የከበደውን እዚያ ይናገራል፤ የተነገረውም እዚያው ይቀራል። መቀላቀል የምትፈልጉ እስከ ዓርብ ድረስ ለሒሳብ ሹሟ እየነገራችሁ ቁጥር ውሰዱ። ሲኒ ስለሚያንሰን ሁላችሁም የየራሳችሁን ሲኒ ይዛችሁ ኑ።