ዝናቡ የት ጣለ? ከእንጦጦ ጋራ እስከ ማሳው
(በኅብረት ሥራ ዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በክረምት ከሰዓት በኋላ ሽሮ ሜዳ ላይ ዶፍ እየጣለ አዲሱ ገበያ ላይ ካፊያ ብቻ የሚሆንበት ቀን ለጉለሌ ሰው እንግዳ አይደለም። ጋራው ውኃ ከፋይ ነው፤ ከእንጦጦ በስተሰሜን የወረደው ወደ ዓባይ፣ በስተደቡብ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጫፉ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በየ100 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ ላይኛውና ታችኛው መንደር አንድ አየር የላቸውም። በመሆኑም በራዲዮ የተነገረው ትንበያ ለአካባቢው እውነት ሆኖ ሳለ፣ በአንዱ ገበሬ አውድማ ላይ የተከመረውን ጤፍ ላያድነው ይችላል።

በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመው የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ዝናብ ብቻ የሚለኩ አራተኛ ደረጃ የሚባሉ ጣቢያዎች አሉት። ታዛቢው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለክቶ ይመዘግባል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በቀን አንዴ የተለካ ዝናብ፣ ደመናው አሁን ወዴት እየሄደ እንደሆነ አይናገርም።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ መቀበያ ጣቢያ የተሠራው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። ለግብርና ታስባ የተሠራች ብትሆንም፣ ከላይ የሚታየው የሰብሉ ልምላሜ እንጂ በማሳው ላይ የወረደው ሚሊ ሜትር አይደለም።

በሌላው ዓለም ይህን ክፍተት በከፊል የሞሉት አማተር የራዲዮ ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ይሠሩ የነበሩትና እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፉት ቦብ ብሩኒንጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመሩትን ዘዴ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለሰው አዳረሱት። አሠራሩ ቀላል ነው። በጓሮ የቆመው መሣሪያ ውስጥ ሁለት ጎን ያላት ትንሽ ገንዳ አለች፤ አንዱ ጎን በዝናብ ሲሞላ ትገለበጣለች፣ እያንዳንዱ ግልብጫ ይቆጠራል። ራዲዮኑ ቦታውን፣ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት፣ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ የአየሩን ግፊትና የዝናቡን መጠን በአንድ አጭር መልእክት ጠቅልሎ በየጥቂት ደቂቃው ይልካል። በኮረብታ ላይ ያለ ሌላ ራዲዮ ተቀብሎ ይደግመዋል፤ ከዚያ ወደ ኢንተርኔት ይገባል። ሱሉልታንም ከተማውንም ለሚያይ እንደ እንጦጦ ላለ ጋራ ደጋሚነቱ የተፈጥሮ ዕድሉ ነበር።

ነገር ግን የራዲዮ ሞገድ ያለ ፈቃድ አይነካም። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የአማተሮቹ ድምፅ በዋናነት የተሰማው 5 ኪሎ ከሚገኘው የክበብ ጣቢያ፣ ኢቲ 3 ኤኤ በሚለው መጠሪያ ነው። ለየቀበሌው የአማተር ራዲዮ ይተከል ማለት ዛሬ የሚሆን አይደለም። ያው መልእክት ግን በሞባይል ሲም ካርድ መሄድ ይችላል፤ በአፍሪካ በትምህርት ቤት ግቢዎች የተተከሉ አነስተኛ ጣቢያዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

መሣሪያውን ለመግዛት አቅም ለሌለው መሠረታዊ ማኅበርም ተራ የዝናብ መለኪያ ይበቃል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር፣ በ1 ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ነው። የመጋዘኑ ዘበኛ በየጠዋቱ አንብቦ ለጎረቤት ማኅበር በስልክ ቢነግር፣ ጎረቤቱም እንዲሁ ቢያደርግ፣ የአማተሮቹ ሥራ ዋና ፍሬ ይገኛል፤ ያም የለኩትን ለራስ አለመያዝ ነው።

አተካከሉ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ከጣሪያ ጠርዝ ሥር የቆመ መለኪያ የቆርቆሮውን ውኃ ይቆጥራል፤ ባሕር ዛፍ ሥር የቆመ ደግሞ ዝናቡን ይሰርቃል። (በእንጦጦ ግርጌ ከባሕር ዛፍ የራቀ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው።) የተሳሳተ ቁጥር ከሌለ ቁጥር ይብሳል፤ ገበሬው አምኖት ዘሩን ይበትናልና። የወረዳው ኃላፊዎች ገላጣ ቦታ ቢፈቅዱ፣ የሜትሮሎጂ ባለሙያ መጥቶ አተካከሉን ቢያይ፣ መዝገቡ ከመጪው ሰኔ 1 ቀን ጀምሮ ሊከፈት ይችላል።