የሴሉን ወንዝ ቁልቁለት



ሴሉን በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ ክፍለ ሀገር የሚገኝ አነስተኛ ወንዝ ነው። ርዝመቱ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ወደ ምዕራብ ፈስሶ በሞን ሴን ሚሼል የባሕር ወሽመጥ ይገባል።

የወንዙ መንገድ በሦስት ይከፈላል። በላይኛው ክፍል፣ በቁጥቋጦ አጥር በተለያዩ ማሳዎችና ግጦሾች መካከል በዝግታ ይጓዛል። በመካከለኛው ክፍል ጠባብና ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ይፈጥናል። በታችኛው ክፍል ሸለቆው ይሰፋል፤ ወንዙም ዱሴ የተባለችውን ከተማ አልፎ፣ ባሕሩ በየቀኑ እየሞላ ከሚጎድልበት ዳርቻ ይደርሳል።

የወንዙ ዕጣ የተወሰነው በመካከለኛው ክፍል ነው። ጠባቡ ሸለቆ ለግድብ ሥራ ይመቻል፤ ቁልቁለቱም ኃይል ይሰጣል። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1916 እስከ 1919 ላ ሮሽ ኪ ብዋ የተባለው 16 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግድብ፣ ከ1929 እስከ 1932 ደግሞ ቬዛን የተባለው 36 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግድብ ተሠሩ። ሸለቆው ሐይቅ ሆነ፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም ተገኘ። ነገር ግን ያው ቁልቁለት፣ ፈጣን ውሃውና ንጹሕ ጠጠሩ፣ ከውቅያኖስ ወደ ወንዝ ወጥቶ ለሚራባው የሳልሞን ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበት ስፍራ ነበር። ግድቦቹም መንገዱን ዘጉበት።

በዚሁ አቆጣጠር በ2009 መንግሥት ግድቦቹ እንደሚፈርሱ አስታወቀ። ከነዋሪዎቹ ግን ብዙዎች ተቃወሙ። ተወልደው ያደጉት በሐይቁ ዳር ነው፤ ጀልባውም፣ ዓሣ ማጥመዱም፣ በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣው እንግዳም በሐይቁ ምክንያት የተገኘ ነበር። ጉዳዩ በ2014 ታገደ፤ በ2017 እንደገና ጸና። የቬዛን ግድብ ከ2019 እስከ 2020፣ ላ ሮሽ ኪ ብዋም እስከ 2023 ባለው ጊዜ ፈረሱ። የተከማቸው ደለል በአንድ ጊዜ ወደ ወሽመጡ እንዳይጎርፍ፣ የሐይቁ ውሃ የተለቀቀው ቀስ በቀስ ነበር።

ዛሬ ወንዙ ወደ ጥንት አልጋው ተመልሷል፤ ሐይቁ በነበረበት ቦታ ሣርና ለጋ ዛፍ በቅሏል፤ ሳልሞንም ከቀድሞዎቹ ግድቦች በላይ ታይቷል። ቁልቁለቱ በመቶ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰው ከእርሱ የሚፈልገው ጥቅም ነው። ይህን የሚመዝን ባለሙያ፣ በሐይቁ ዳር ያረጀው ሰው ያጣውንም ከሒሳቡ ሊያገባ ይገባዋል።