ለልጆቻችን የኮዲንግ መማሪያ ስለ መምረጥ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን ስንነጋገር ካረፈድን በኋላ ስለ ኮምፒውተር ማንሣት አንዳንዶቻችንን ሳያስገርም አይቀርም። ዳሩ ግን ነገሩን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ባለፉት ወራት ለቀብር በወጣንበት ሁሉ፣ ከመቃብር ስንመለስም ጭምር፣ «መምህር፣ ልጄ ኮዲንግ ልማር እያለ አስቸገረኝ፤ የትኛውን አፕ ላውርድለት?» ብሎ ያልጠየቀኝ አባል ጥቂት ነው። ለእያንዳንዱ በየመንገዱ ከመመለስ አንድ ጊዜ በሸንጎ ብናገረው ይሻላል ብዬ ዳኛችንን አስፈቀድሁ።

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። እንደምታውቁት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚህም ምክንያት ታላቅና ታናሽ በአንድ ክፍል የተቀመጡበት ቤት አለ፤ ዕድሜው ገፍቶ ክፍሉ ወደ ኋላ የቀረ ልጅም ሞልቷል። ስለዚህ የልጁን ዕድሜ ወይም ክፍሉን ብቻ ጠይቆ «ለ7ኛ ክፍል ይኸ ነው» ብሎ መስጠት እዚህ እኛ ዘንድ አይሠራም። አፖቹን የሠሩት ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመድቡት በዕድሜ ነው። የእኛን ልጅ የምናውቀው እኛ ነን፤ መመዘኑም የእኛ ሥራ ነው።

ኮዲንግ የሚባለው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ከስልክ ጨዋታ ጋር እናዛምደዋለን። እኔ ግን ለማስረዳት ከጸሐፊያችን መዝገብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በወሩ መጨረሻ ጸሐፊያችን መዝገቡን ይገልጣሉ። ከመጀመሪያው አባል ይጀምራሉ። የወሩን መዋጮ ከፍሏል? ከከፈለ ያልፉታል። ካልከፈለ ስሙን በሌላ ወረቀት ይጽፋሉ። ወደሚቀጥለው አባል ይሄዳሉ፤ የመጨረሻው አባል ዘንድ ሲደርሱ ያቆማሉ። ፕሮግራም ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፦ ሥራን ደረጃ በደረጃ መዘርዘር፣ «እንዲህ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያን» ማለት፣ እስኪያልቅ ድረስ መደጋገም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ጸሐፊያችን «ይህ አባል እኮ ሐዘን ላይ ነው፣ ይቆይ» ብለው በኅሊናቸው ያልፋሉ፤ ኮምፒውተር ግን ካልነገሩት አያውቅም። ልጁ የሚማረው ምንም ሳይዘነጋ መናገርን ነው።

ይህ ከገባን የመጀመሪያው ደረጃ ስልክም ላፕቶፕም አያስፈልገውም ማለት ነው። ከኒውዚላንድ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው ኮምፒውተር ሳይኖር የኮምፒውተርን አስተሳሰብ በካርድ፣ በገመድና በጨዋታ የሚያስተምሩበትን ዘዴ አዘጋጅተው በነፃ አሠራጭተዋል። በእኛ ቤትም ይሆናል። አንዱ ልጅ «መኪና» ይሁን፣ ሌላው ይዘዘው፦ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ በሩ ክፍት ከሆነ ግባ። ያዘዘው ልጅ «ዙር» ብሎ ወዴት እንደሆነ ከዘነጋ መኪናው ግድግዳ ይመታል፤ ቤቱ በሣቅ ይሞላል። መብራት በጠፋበት ማታ ይህን ያህል ትምህርት የሚሰጥ ሌላ ነገር አላውቅም።

ደረጃን ስላነሣሁ፣ የጎጃም ሰው ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤት ባለበት አገር ተማሪ ዘሎ መወድስ እንደማይገባ ማን ይነግረናል? ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው ብዙ ከቆጠረ በኋላ ነው። በዕድሜ የገፋ ጎልማሳ ቅኔ ቤት ቢገባም ያው በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው፤ ማንም አያፍርበትም። በኮዲንግ ግን ይህን ሥርዓት ረስተነዋል። አንዲት የጎረቤቴ ልጅ፣ በሒሳብ ጎበዝ የምትባል፣ ባለፈው ክረምት ገንዘብ ተከፍሎላት አንድ ማሠልጠኛ ገባች። ምን እንደምታውቅ ማንም ሳይጠይቃት በመጀመሪያው ሳምንት ጃቫ የሚባለውን ከባድ ቋንቋ ሰጧት፤ ያውም በእንግሊዝኛ። በሦስተኛው ሳምንት ቀረች። ገንዘቡስ ይሁን፤ የከፋው «እኔ ለኮምፒውተር አልተፈጠርሁም» ማለቷ ነው። እስካሁንም ላፕቶፕ አጠገብ አትቀርብም። እኔን ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ይኸ ነው።

አሁን ወደ አፖቹ ልግባ።

ገና ፊደል ለሚቆጥሩ ሕፃናት ስክራች ጁኒየር የሚባል አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ነው። ጽሑፍ የለበትም፤ ትእዛዞቹ ሥዕል ናቸው፤ ልጁ እየጎተተ ይገጣጥማቸዋል፣ ድመቷም ትራመዳለች። ታብሌት ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

አማርኛ አሳምሮ ለሚያነብ ልጅ ታላቁ ስክራች ነው። ይህንን የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አወጣው፤ ከዚያ ወዲህም በነፃ ነው። ስለ እርሱ ጥቂት ልዘግይ፤ ምክንያቱም ለእኛ ልጆች ከሁሉ ይመቻል ብዬ የማምነው ይህን ነው። አንደኛ ነገር፣ ትእዛዞቹ ባለ ቀለም ብሎኮች ስለሆኑ ልጁ በፊደል ስሕተት አይቀጣም፤ የማይገጥመው አይገጥምም፣ ያው ነው። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛም አለበት። ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የመጫኛውን ፋይል ኔትወርክ ካለበት፣ ለምሳሌ ከባሕር ዳር፣ በፍላሽ ማምጣት ይበቃል። እንደዚህ ሲሆን ስምና ኢሜይል አስመዝግብ የሚል ጣጣም የለበትም። ላፕቶፑ በጣም ያረጀ ከሆነ የቆየው 1.4 የተባለው ስክራች ይሞከርበት። በስልክ ጠባብ መስታወት ግን አይመችም፤ ይህን ከወዲሁ ልናገር። በስክራች ውስጥ «መልእክት አስተላልፍ» የሚል ዓይነት ብሎክ አለ፦ አንዱ ገጸ ባሕርይ መልእክቱን ሲለቅ የሰሙት ሁሉ የየራሳቸውን ሥራ ይጀምራሉ። ለልጆቹ ስናስረዳ የእድራችን ለፋፊ ጡሩንባ ሲነፋ ማለት በቂ ነው። ድንኳን ተካዩ ወደ ድንኳኑ፣ ውኃ ቀጂዋ ወደ ውኃው፣ ጸሐፊው ወደ መዝገቡ ይሄዳል፤ ለፋፊው ግን ማን ምን እንደሚሠራ አይዘረዝርም።

ኮድ ዶት ኦርግ የተባለው ድረ ገጽም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማያነቡ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ድረስ በደረጃ የተከፈለ ትምህርት ይሰጣል። አከፋፈሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በአብዛኛው ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኔትወርክ የማይቆራረጥበት ቤት ያለው ይጠቀምበት።

ከብሎክ ወደ ጽሑፍ የሚሻገረው ማን ነው? የዕድሜ ጥያቄ አይደለም ብያለሁ። እኔ የምመዝነው በሦስት ነገር ነው። በስክራች የራሱን ጨዋታ፣ ከመጽሐፍ ሳይገለብጥ፣ ጨርሶ ያውቃል? አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ይረዳል? ሲሳሳት ፈልጎ ያርማል ወይስ «እምቢ አለኝ» ብሎ ይተወዋል? የእንግሊዝኛው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆኖባቸው የሚቸገሩ ልጆች ስንት ናቸው! ኮዲንጉ ሳይሆን ቋንቋው ያቃተውን ልጅ «ሰነፍ» ማለት ግፍ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ብሎኩ ላይ ማቆየትና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ማስያዝ ይሻላል።

ሦስቱን ያለፈ ልጅ ፓይተን ይጀምር። ትእዛዞቹ አጫጭር ናቸው። ለጀማሪዎች ሲባል የኢስቶንያው የታርቱ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ቶኒ የሚባል መጻፊያ አለ፤ ፓይተንን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ አንድ ፋይል መጫን ብቻ ነው፤ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ላፕቶፕ የሌለው፣ አንድሮይድ ስልክ ያለው ልጅ ፓይድሮይድ የተባለውን አፕ ቢጭን በስልኩ ላይ ፓይተን ይጽፋል፤ ጣት ያደክማል እንጂ ይሆናል። ሶሎለርን የሚባለውም ለስልክ ይመቻል፤ ከፊሉ በነፃ፣ ከፊሉ በክፍያ ነው። «ነፃ ሙከራ» ብሎ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ግን ዝጉት።

ከዚያ በላይ ለደረሱት፣ የድረ ገጽ ሥራ ለሚፈልጉት፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ፍሪ ኮድ ካምፕ አለ፤ ነፃ ነው፣ የምስክር ወረቀቱም በነፃ ነው። የስልክ አፕ መሥራት ለሚያምራቸው አፕ ኢንቬንተር እንደ ስክራች በብሎክ ስለሚሠራ መሸጋገሪያ ይሆናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ፕሮግራምም በሦስት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ሰው ለማሠልጠን ያቀደ ሲሆን፣ የድረ ገጽ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ኮርሶችን ይዞ ነው የተነሣው። ወሬው ሰፊ ስለነበር ሁሉም ወላጅ ልጁን እዚያ ለማስገባት ተሯሩጧል። እኔ ኮርሶቹን አልነቅፍም። ግን ያን ዓይነት ኮርስ ከቪዲዮ ብቻውን ተምሮ ለሚዘልቅ፣ እንግሊዝኛም ለሚችል ወጣት እንጂ ለ5ኛ ክፍል ልጅ አይደለም። የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ለመስቀል ብቻ የሚጨርሱም አይቻለሁ፤ «እስቲ አንድ ነገር ሥራልኝ» ስትሏቸው ዝም ነው።

አንዳንድ ሰው «ልጅ ብቻውን ይማራል፣ መሣሪያውን ብቻ ስጠው» ይላል። የዚህ አባባል ትልቁ ምስክር ከአገራችን የወጣ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ በትምህርት ቤት ላልተማሩ ሕፃናት፣ የታሸጉ ታብሌቶችን ያለ መምህርና ያለ መመሪያ አስቀመጠ። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት አንድ ልጅ በጥቂት ደቂቃ ማብሪያውን አገኘው፤ በጥቂት ቀናት አፖቹን እየከፈቱ ተጫወቱባቸው፤ ከወራት በኋላም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ያኮራል። ነገር ግን አስተውሉ፦ የተቆለፈ መክፈት ድፍረትና ብልኀት ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ ሌላ ነው። ደግሞ እነዚያ ልጆች ብዙ ሆነው አብረው፣ አንዱ ለአንዱ እያሳየ ነው የተማሩት። የእኛ ልጅ ግን ብቻውን ጥግ ይዞ ስልክ ላይ ያፈጣል። ከአፑ ምርጫ እኩል የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ለዚህም ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ላፕቶፕ እንዲቀመጡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ይመልከት፣ በግማሽ ሰዓት ይለዋወጡ። ሴቶች ልጆቻችን የውኃና የማድቤት ሥራ ስላለባቸው ሰዓቱ ለእነርሱ በሚመች ጊዜ ይሁን፤ አለዚያ ላፕቶፑ የወንዶች ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ቻትጂፒቲና ስለ መሰሎቹ ተጠይቄ ነበር። ጀማሪ ልጅ «ጻፍልኝ» ብሎ ካስጻፈ አልተማረም። ራሱ ሞክሮ የተሳሳተበትን «ለምን እምቢ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ጥሩ ረዳት ነው። ለትንንሾቹ አሁን አያስፈልግም።

እዚሁ አዴት ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል አጠገብ የምንኖር ገበሬዎች የመሬቱን ዓይነትና የዝናቡን ሁኔታ ሳንጠይቅ ዘር አንወስድም። ለልጅም አፕ ከመጫናችን በፊት አንድ ሰዓት አብረነው እንቀመጥ። ሰዓቱ አልቆ «ትንሽ ልጨምር» ካለ ደረጃው ነው። በአምስት ደቂቃ ሁሉን ጨርሶ ከተሰላቸ ቀሏል፤ ወደ ላይ አውጡት። ፊቱ ከጠቆረና እኛን እኛን ካየ ከብዷል፤ ሳትቆጡ ወደ ታች መልሱት። ይህን ለማወቅ ወላጅ ኮምፒውተር መቻል የለበትም፤ የልጁን ፊት ማየት ብቻ ነው።

በመጨረሻም ለሸንጎው የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። የእድራችን ቤት ከስብሰባና ከሐዘን ቀን በቀር ዝግ ነው። ወንበርና ጠረጴዛ አለን። በዚህ ክረምት ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ለልጆች ይከፈት፤ ቀብር ወይም ሐዘን ባለበት ቀን ትምህርቱ ይቀራል። ስክራችና ቶኒን በፍላሽ አምጥቼ እጭናለሁ፤ ለጊዜው ሁለት ላፕቶፕ አለ። ልጆቹን በዕድሜ ሳይሆን ከላይ በተናገርሁት ሦስት ጥያቄ እንመድባቸዋለን፤ የ16 ዓመቱ ከ10 ዓመቷ ጋር ቢቀመጥ ወላጅ እንዳይቆጣብኝ ከአሁኑ አደራ እላለሁ። ፓይተን ላይ ለሚደርሱት የመጀመሪያ ሥራቸውን አስቤያለሁ፤ የእድራችንን የመዋጮ መዝገብ የሚመስል፣ በሐሰት ስሞች የተሞላ ዝርዝር ሰጥቻቸው ያልከፈለውን አባል የሚለይ ፕሮግራም ይጻፉ። ጸሐፊያችን ይፈትኗቸው።

ምዝገባው በጸሐፊያችን ዘንድ ነው። ስም ስታስመዘግቡ ልጁ የትኛውን ቋንቋ እንደሚያነብና በየትኛው ቀን ከሥራ ነፃ እንደሚሆን ጨምራችሁ ንገሩ። ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ሊያውስ የሚችል አባል ካለ ደግሞ ዛሬ ከመለያየታችን በፊት ለገንዘብ ያዣችን ይንገር።