ካናሉ ለምን አልተዘጋም?

ውድ ተመራቂዎች፤

ዓለም አቀፍ ግንኙነት ለተማረ ወጣት ሁልጊዜ የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለኝ። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልናገር። በ1935 የሙሶሊኒ መርከቦች ወታደርና መድፍ፣ ኋላም የመርዝ ጋዝ ጭነው ወደ ምጽዋ ሲወርዱ የስዊዝ ካናል ለምን አልተዘጋባቸውም? በአካባቢው የእንግሊዝ ጦር ነበር። ከካናሉ ኩባንያ 44 በመቶው ድርሻ የእንግሊዝ መንግሥት ነበር። መርከቦቹ የማለፊያ ሒሳባቸውን እየከፈሉ አለፉ።

ተማሪ ሳለሁ መልሴ “ክህደት” የሚል ነበር። ቃሉ አልተሳሳተም። ወገኖቻችን ከሰማይ በወረደ መርዝ ሲቃጠሉ በአንድ የመንግሥታት ማኅበር አብረውን የተቀመጡ አገሮች እንዲያ መሆናቸው ዛሬም ያንገበግበኛል። ነገር ግን ይህ ቃል ማዘንን እንጂ ቀጣዩን እርምጃ አያሳይም። አገሩን ወክሎ ለሚደራደር ሰው የሚጠቅመው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያንን ኃያል መንግሥት በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የነሣው ማን ነበር?

የነሣውማ ሂትለር ነው። በማርች 1935 የግዴታ ውትድርናን አወጀ። በወሩ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ስትሬዛ ላይ ተሰብስበው በጀርመን ላይ አበሩ። ለፓሪስ የጣልያን ጦር የጓሮ ዘበኛ ሆነ፤ ዘበኛን ደግሞ ማን ያስቀይማል? ስለዚህ ካናሉ በ1888 ስምምነት መሠረት በሰላምም በጦርነትም ለሁሉ ክፍት ነው ተባለ። ማዕቀብ ተጣለ፤ የጦር መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ግን አልተካተተም። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊትም እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው ነበር። ጣልያን የመሣሪያ ፋብሪካ ነበራት፣ እኛ አልነበረንም።

ስሌቱ ግን ለባለቤቶቹም አልሆነ። በማርች 1936 ሂትለር ጦሩን ራይንላንድ አስገባ፤ ሙሶሊኒም በዚያው ዓመት ወደ እርሱ ዞረ። ኢትዮጵያን ሰጥተው ሙሶሊኒን አላገኙም።

ብዙዎቻችሁ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ጠብቃችኋል። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣም፤ ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ውለታዋ የልብ ነው። ስሌትም ነበረበት፣ ይህን ማለቴ ውለታዋን አያሳንሰውም። በ1848 ከግማሽ በላይ መሬቷን ኃያል ጎረቤቷ የወሰደባት አገር፣ ሕግ ለኢትዮጵያ ካልሠራ ነገ ለእርሷም እንደማይሠራ ታውቃለች። ወዳጅ ስትፈልጉ ጉዳያችሁ የእርሱም ጉዳይ የሚሆንበትን ቦታ ፈልጉ። በዓባይም ሆነ በባሕር በር ጉዳይ ተራው የእናንተ ሲሆን ይህ ሥራ ይጠብቃችኋል።

ጃንሆይ በጁን 30፣ 1936 ጄኔቫ ላይ ሊናገሩ ሲነሡ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። በቀናት ውስጥም ማዕቀቡ እንዲነሣ ተወሰነ። በ1938 እንግሊዝ ራሷ ለወረራው ዕውቅና ሰጠች። እርሳቸው ባዝ ከተማ በስደት ሆነው አቤቱታውን አልተዉም። በጁን 10፣ 1940 ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ግን ሳምንታት ሳያልፉ በእንግሊዝ አውሮፕላን ወደ አፍሪካ ተጓዙ። አቤቱታው ያው የቀድሞው ነው፤ የተለወጠው የለንደን ስጋት ነው። አርበኞች በየዱሩ ባይቆዩ ኖሮ ያ ለውጥ ሲመጣ የሚያገኘው የተገዛ አገር ነበር። ትዕግሥት የምለው ይህን ነው እንጂ እጅ አጣጥፎ መቀመጥን አይደለም።

ከድሉ በኋላ ነጻ አውጪው ራሱ ከበደን፤ ኤርትራና ኦጋዴን በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ነበሩ። ጃንሆይ ሦስተኛ ኃይል ፈለጉ። በፌብሩዋሪ 1945 ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተው የባሕር በሩንና የባቡር ሐዲዱን ጉዳይ አቀረቡ። መርከቧ መልሕቅ የጣለችው በታላቁ መራራ ሐይቅ ነው። ማታ ቤት ስትገቡ ካርታ ዘርግታችሁ ሐይቁን ፈልጉት፤ የስዊዝ ካናል መሐሉን አቋርጦት ያልፋል። የሙሶሊኒ መርከቦች ከአሥር ዓመት በፊት ወደ ምጽዋ የወረዱት በዚያው ውኃ ላይ ነበር።